ዞሮ የማያይ ዘበኛ

የናጉራ ሹጂን ጭንቅላት የኢቶ ከተማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፊቱን አላልኩም። ፊቱማ ዓሣ ገበያ ከሚውሉት ፊቶች አይለይም። ጭንቅላቱ ግን በቀኝ በኩል፣ ከጆሮው ከፍ ብሎ፣ የራስ ቁሩ ጠርዝ ሲፈገፍገው ኖሮ ጸጉር እምቢ ያለበት ቦታ አለው። በውርርድ ብስክሌት ትራክ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ትከሻና የሰው መንጋጋ ሲመታ የኖረው በዚያ በኩል ነው። አሸንፎ የማያውቅ ሰው ነው ማለት ይቻላል፤ ተወራራጆቹ ግን ከአሸናፊዎቹ ይልቅ የሱን ስም አብዝተው ይጠሩታል።

በነሱ ውድድር ሰው ለብቻው አይነዳም። የአንድ አካባቢ ልጆች ተከታትለው ይሰለፋሉ። ፊተኛው ነፋሱን ይቆርጣል፤ ሁለተኛው ከኋላው ተጠልሎ ጉልበቱን ይቆጥባል። ጥላው ታዲያ በነጻ አይደለም። ሁለተኛው ሰው ሊያልፍ የሚመጣውን ሁሉ በትከሻም፣ በዳሌም፣ ሲብስ በጭንቅላትም እየገፋ ፊተኛውን መጠበቅ አለበት። ዘበኛ ይሉታል። ናጉራ ዘበኛ ነው፤ ሌላ ነገር ሆኖም አያውቅም።

ጥሩ ዘበኛ ደግሞ ዞሮ አያይም። ዞሮ ያየ እንደሆነ ብስክሌቱ ይወላገዳል፣ ፊተኛው ያመልጠዋል፣ ተመልካቹም ይስቅበታል። ሥራው በጆሮ ነው። ናጉራ ከኋላው የሚመጣውን ጎማ ሰምቶ በየት በኩል እንደሆነና ምን ያህል እንደራቀ ያውቃል። እንዲያውም ጠጅ አይሉት አረቄ ያ የሩዝ መጠጣቸው ሞቅ ሲያደርገው፣ «የማን ጎማ እንደሆነም እለያለሁ» እያለ ይጎርራል። ማንም ተከራክሮት አያውቅም። ከሱ ጋር መከራከር ለጥርስ ጥሩ አይደለም።

ባለፈው ጸደይ ከኢዙ ባሕረ ገብ ምድር ማዶ፣ ከኑማዙ የመጣ አንድ ወጣት በቀኙ ሊያልፍ ሲል ናጉራ እንደልማዱ በጭንቅላቱ አገኘው። ወጣቱ ከአጥሩ ጋር ተላትሞ ዳሌው ተሰባበረና ሙያውን ተወ። ዳኞቹ ናጉራን ለጥቂት ወራት አገዱት። እሱም በእግዱ ጊዜ ዓሣ ሲያጠምድ ከረመ እንጂ ሆስፒታል ሄዶ ልጁን አልጠየቀም። በክረምቱ ብርድ የልጁ አሠልጣኝ ሂሩካዋ በጸሐይ የደረቀ ዓሣ በካርቶን ይዞ ኢቶ ድረስ መጣ። በበሩ ቆሞ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ።

«ዓሣው የኛው ሰፈር ነው። ለምሳ ይሆናችኋል» አለ።

«አመሰግናለሁ።»

«ተማሪዬ አሁን በምርኩዝ ይሄዳል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ አልመጣህም።»

ናጉራ ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ። ደሙ ወደ ጆሮው ወጣ።

«እንግዲያው ባሕሩን በግራ እናድርገው» አለ ሂሩካዋ።

ዳኛ ያልጨረሰውን ቂም የሚጨርሱበት የቆየ ልማዳቸው ነው። ከኢቶ ተነስቶ የኢዙን ባሕረ ገብ ምድር ዳር ዳሩን፣ ባሕሩን በግራ እያደረጉ ዞሮ ኑማዙ መግባት። ሦስት ሰው በሦስት ሰው። ሦስቱንም አሟልቶ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል፤ የተሸነፈው በአሸናፊው በር ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን ያነሳ ሰው አፍ የለውም። በግራ በኩል የመንገዱ የብረት መከለያ አለ፣ ከመከለያው ወዲያ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ባሕር። ስለዚህ ሊያልፍ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ በቀኝ ነው የሚመጣው። ለናጉራ ይህ እንደ ግብዣ ነበር። ሳያስብበት እሺ አለ።

የናጉራ ፊተኛ ኪዮታካ ነው። ኪዮታካ ተማሪው ብቻ አይደለም፤ የሴት ልጁ የቺሃያ ባል ነው፤ እዚያው ቤት ይኖራል። እግሩ እንደ ጋሪ ፈረስ የማይደክም፣ አንደበቱ ቁጥብ ወጣት ነው። ናጉራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተማረው ነገር ቢኖር አንድ ነው፦ ለማለፍ ስትመጣ ድምፅ አታሰማ። ፔዳል ካቆምክ የኋላው ጎማ ጥርስ ይንጫጫል፤ ስለዚህ አታቁም። አትጥራ፣ አታስል፣ አትተንፍስ። «ሌባ በር አያንኳኳም» ይለው ነበር። ኪዮታካ ይህን እስኪለምድ ድረስ በተንጫጫ ቁጥር በጥፊ ተመትቷል። አሁን ሲመጣ ድመት ነው።

በማለዳ ሲነሱ ቺሃያ ደጅ ወጣች። ሆዷ ገፍቷል፤ ካፖርቷ አልቆለፍ ብሏታል።

«አባዬ፣ ዛሬ ዳኛ የለም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ዳኛ ባለበትም ያው ነህ። ግን እዚያ አጥር ነው፤ እዚህ ገደል ነው። ማንንም እንዳትመታ። ኪዮታካን ደግሞ ሙሉውን መልስልኝ።»

«ነካ ካደረጉትስ?»

«አባዬ።»

«እመልስልሻለሁ አልኩ እኮ።»

ከሁለቱ የመለሰላት ለአንዱ ብቻ እንደሆነ ገብቷታል። የኪዮታካን አንገት ሹራብ አስተካክላ ገባች።

ሦስተኛው ሰው ቶባሪ ነው። ወፈር ያለ፣ ነገር የሚወድ፣ ከኋላ ተለጥፎ መሄድን ጥበብ ያደረገ ሰው። የኑማዙዎቹ ሂሩካዋና ሁለት ተማሪዎቹ፣ አንዱ ረጅም፣ ሌላው ባለ መነጽር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከቶባሪ ጎማ ሥር ተቀመጡ። ኪዮታካ ነፋሱን ይቆርጣል፣ አምስቱ ይከተሉታል። ይህ ብልጠት ነው፤ ናጉራ ግን እንደ ስድብ ቆጠረው።

የመጀመሪያው ምት ከሺሞዳ በፊት፣ በቁልቁለት ላይ ሆነ። ረጅሙ ተማሪ ድንገት ወጥቶ በቀኝ መጣ። ናጉራ ሰማው። እስኪደርስ ጠበቀና ትከሻውን ሰደደበት። ረጅሙ እየተንገዳገደ የመንገዱን መሐል መስመር አልፎ ሄደ፤ ከፊት የሚመጣ ጭነት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ለጥቂት ሳተው። ልጁ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲሰለፍ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቶ ነበር።

«ይህ ማስታወቂያ ነው» አለ ናጉራ ሳይዞር። «ዋናው ዝግጅት ገና ነው።»

እውነቱን እንናገር፣ ደስ ብሎታል። የቺሃያ «ማንንም እንዳትመታ» ትዝ ብሎት ነበር፤ ግን ትከሻውን እንዲያ ሲያሞቀው ቃሏ ወደ ጎን አለ። «ትከሻ መምታት አይደለም» ብሎ ለራሱ ፈረደ።

ዋናው ዝግጅት የባሕረ ገቡ ጫፍ ላይ ነበር። እዚያ መንገዱ ይጠብባል፣ የክረምቱ የምዕራብ ነፋስ ከባሕር ወጥቶ በጎን ይመታል። ሂሩካዋ ራሱ መጣ። እሱ ደግሞ እንደ ልጆቹ ለማለፍ ብቻ አልመጣም። ናጉራ ትከሻውን ሲሰድበት አልሸሸም፤ የማልያውን አንገት ጨብጦ ወደ ኋላ ጎተተው፣ ለቆም በዚያው እጁ ጆሮ ግንዱን በቡጢ ነረተው። ሁለቱ ብስክሌቶች ተቆላለፉ። አንድ እጅ በመሪው፣ አንድ እጅ በጠላት ጉሮሮ፣ ቁልቁል እየወረዱ ይደባደባሉ። ናጉራ ወደ ግራ ተገፋ፤ የግራ እጁ ከብረት መከለያው ጋር ተፋቀና የጣቶቹ አንጓ ቆዳ ተገፎ ቀረ። ከእጁ ማዶ ድንጋይና የሚፈላ ነጭ ውሃ ይታየዋል። አልፈራም። ተናደደ እንጂ።

«ይህ ለልጁ ነው» አለ ሂሩካዋ፣ ደግሞ እየነረተው። «ይህም ለልጁ ነው።»

ናጉራ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰበሰበና ጭንቅላቱን ወረወረ። የሂሩካዋ አፍንጫ ተሰብሮ ሲንኮሻኮሽ ሁለቱም ሰሙት። ደሙን ነፋሱ ወሰደና በባለ መነጽሩ ተማሪ መነጽር ላይ ረጨው። ባለ መነጽሩ ማየት ተስኖት ፍሬን ያዘ፤ ሂሩካዋም ጨበጣውን ለቆ ወደ ኋላ ቀረ።

«መምህሬ፣ ደህና ነዎት?» አለ ኪዮታካ ከፊት።

«ወደፊት እይ።»

«ደም ሸተተኝ።»

«የኔ አይደለም፤ ንዳ።»

ማትሱዛኪ ሲደርሱ ሁሉም ቆሙ። ርቦአቸዋል፤ ደግሞም እህል በሚቀመስበት ቦታ እጅ አይሰነዘርም። ይህም ልማዳቸው ነው። ስድስቱም አንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ገብተው በጨው በታሸ የቼሪ ቅጠል የተጠቀለለውን የአገሩን የሩዝ ጣፋጭ አዘዙ። ባለ ሱቋ ሴትዮ ሂሩካዋን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ደም የሚንጠባጠብ ሰው ወንበሬ ላይ አይቀመጥም» አለች።

«ይቅርታ እናቴ፣ ቆሜ እበላለሁ» አለ ሂሩካዋ፣ አፍንጫው ውስጥ ወረቀት እየወተፈ።

ቶባሪ አፉ ሞልቶ እንኳ ዝም ማለት አይችልም። «ሂሩካዋ ሳን፣» አለ በአክብሮት አጠራራቸው፣ «አፍንጫዎ ወደ ሺሞዳ ዞሯል። ኑማዙ እኮ በዚህ በኩል ነው።»

«ቶባሪ፣ አንተ አለህ እንዴ? ከናጉራ ኋላ የማየው የጭነት ቦርሳ መስሎኝ።»

ባለ ሱቋ ሳትቀር ሳቀች። ሂሩካዋ ግን ወደ ኪዮታካ ዞረ። «ሚስትህ መቼ ነው የምትወልደው?»

«ቼሪው ሲያብብ።»

«በጤና ያርግላት። አንድ ነገር ልንገርህ። ይህን ሰው ከኋላህ አታስቀምጥ። የኔም ተማሪ እጮኛ ነበረችው።»

ኪዮታካ ቅጠሉን አጥፎ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «እሱ ከኋላዬ እያለ ሰው ነክቶኝ አያውቅም» አለ።

ናጉራ ይህን ሲሰማ አንገቱ ቀና አለ። የተላጠው እጁ ሕመም እንኳ ተወው። ሰው እንዲህ እንዲልለት ነው ዕድሜውን ሙሉ ሲማታ የኖረው።

ከማትሱዛኪ ወጥተው ዳገቱን እንደጀመሩ የኪዮታካ የኋላ ጎማ ጠርሙስ ስባሪ በላና ተነፈሰ። ቆሙ ማለት ኑማዙዎቹ ይሄዳሉ ማለት ነው። ኪዮታካ ወዲያው ወረደ።

«ሂዱ፣ መምህሬ። ቀይሬ እደርሳለሁ። ከቶይ ከተማ በፊት ከፊታችሁ ታገኙኛላችሁ።»

ናጉራ እግሩን መሬት አስነካ። ቺሃያ ትዝ አለችው፤ ሙሉውን መልስልኝ ያለችው። ልጁን በዚህ ገደል አፋፍ ለብቻው ትቶ መሄድ አልታየውም። ከዚያ ደግሞ በሂሩካዋ በር ጎንበስ ማለት ታየው፤ በዚያ የተሰበረ አፍንጫ ፊት፣ ይቅርታ ብሎ። ያኛው ባሰበት።

«ቶባሪ፣ ፊት ያዝ» አለ።

«እኔ? ነፋሱን?»

«ለአንድ ቀን ሰው ሁን።»

ሄዱ። ቶባሪ እያቃሰተ ነፋሱን ይቆርጣል፤ ናጉራ ከኋላው ተጠልሎ ጆሮውን ይጥላል። የኑማዙዎቹ ጎማ ጥቂት ተከተላቸውና ጠፋ። ናጉራ ዞሮ አላየም፤ ዳገቱ አድክሟቸው ነው ብሎ ደመደመ። ያርፉና ይመጣሉ። ሲመጡ ሂሩካዋ ነው ቀድሞ የሚመጣው፤ ደም የፈሰሰው ሰው ትዕግሥት የለውም። የዚያን ጊዜ፣ አለ በሆዱ፣ አፍንጫ ብቻ አይሆንም። ሰውየው ቡጢውን ሲሰነዝር «ለልጁ» ያለው ነገር እየተመላለሰ ያንገበግበዋል። ትክክል ስለሆነ ይሁን ስድብ ስለመሰለው ለይቶ አላወቀውም፤ ብቻ ያንገበግበዋል። ዳገቱን እየወጣ እንዴት እንደሚመታው አሰበ። አንገቱ ሥር፣ በራስ ቁሩ ጠርዝ።

ዋሻው የመጣው ከዳገቱ ራስ ላይ ነው። በዚያ ዳርቻ ዋሻ ብዙ ነው፤ ይሄኛው ረዘም ያለ፣ ግድግዳው ውሃ የሚያዥ፣ መብራቱ ቢጫ የሆነ ነው። ሲገቡ ነፋሱ ቀጥ አለ። ከፊት የሄደ የጭነት መኪና ጉምጉምታ ገና አልበረደም። ናጉራ ጆሮውን አቀና።

መጣ። አንድ ጎማ ነው፤ በቀኝ በኩል፤ በፍጥነት። የጎማው ጥርስ አይንጫጫም፣ ትንፋሽ አይሰማም፣ እርጥቡን አስፋልት የሚልስ ስስ ድምፅ ብቻ። ናጉራ ደስ አለው። ዳሌውን ወደ ቀኝ ጣለ፣ ሰውየው ሲንገዳገድ ጭንቅላቱን ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረ። አጥንት አገኘ። ከኋላው ብረት አስፋልት እየቧጠጠ ሄደ፣ ከዚያ ግድግዳ፣ ከዚያ ከግድግዳው ከባድና እርጥብ ነገር የመውደቅ ድምፅ።

«ምንድን ነው?» አለ ቶባሪ።

«ሂሩካዋ ነው። ተኛ።»

ቶባሪ ሳቀ፤ ሳቁ በዋሻው ውስጥ እየተመላለሰ ተከተላቸው። ናጉራም ሳቀ።

ከዋሻው ወጥተው መኪና የሚቆምበት ጥግ ላይ ኪዮታካን ሊጠብቁ ቆሙ። ጸሐይ ነበር። ናጉራ ከኪሱ የተረፈውን ጣፋጭ አውጥቶ ቅጠሉን ሳይልጥ በላ። ልጁ ሲደርስ ስለ ሂሩካዋ ምን ብሎ እንደሚነግረው አሰበ። ምንም ባይለውስ? ቶባሪ ይነግረዋል፣ አሳምሮ።

ከዋሻው አፍ አንድ ሰው በእግሩ እየሮጠ ወጣ። የብስክሌት ጫማው ብረት አስፋልቱ ላይ ይንሸራተታል። ራስ ቁሩን አውልቋል። አፍንጫው ውስጥ ወረቀት አለ።

ናጉራ ያንን አፍንጫ ሲያይ ክው አለ። በአፉ የያዘውን ሩዝ ተፋ።

«ናጉራ» አለ ሂሩካዋ። ትንፋሹ ተቆራርጧል። «ና። ልጅህ ነው።»

ኪዮታካ ዋሻው ውስጥ ከማዶው ግድግዳ ሥር ተጋድሟል። ግራ እግሩ እግር በማይዞርበት በኩል ዞሯል፣ ዳሌው ሥር አስፋልቱ ጠቁሯል፣ በጆሮው ደም ይወርዳል። ዓይኑ ግን ክፍት ነው። የሂሩካዋ ጃኬት ተደርቦለታል። የሂሩካዋ ተማሪዎች አንዱ በወዲህ አፍ፣ አንዱ በወዲያ አፍ ቆመው መኪና ያስቆማሉ። አምቡላንስ ከተጠራ ቆይቷል።

ቶባሪ ነገሩ አልገባውም። የገባው መሰለው። «አንተ ነህ» ብሎ ሂሩካዋን በማልያው ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመው። «ባንተ ቤት መበቀልህ ነው?» በቡጢ አፉን መታው። ሂሩካዋ እጁን አላነሳም። ከናፍሩ ተከፍቶ ደሙ አገጩ ላይ ሲወርድ ቶባሪን አላየውም። የሚያየው ናጉራን ነው።

ናጉራ ተንበርክኳል። ኪዮታካ እጁን ዘርግቶ የማልያውን ደረት ጨበጠ።

«መምህሬ… እርስዎ ጋ ደርሼ ነበር። ልገባ ስል… ማን እንደመታኝ አላየሁም። ሂሩካዋ ነው?»

ቶባሪ ሁለተኛ መታ። ሂሩካዋ በጉልበቱ ወረደ።

«አይማሩት» አለ ኪዮታካ። «ዘበኛዬ እርስዎ ነዎት። አይማሩት።»

ናጉራ ቶባሪን አየ፣ ከዚያ ልጁን። ዝም ቢል ነገሩ እንዲሁ እንደሚያልፍ ታየው። ቶባሪ አምኗል፣ ልጁ አምኗል፣ ሂሩካዋም ቢናገር ማን ይሰማዋል? ቶባሪ የሂሩካዋን የጎን አጥንት በእርግጫ ሲያገኘው የተሰማው ድምፅ ናጉራ ከጭንቅላቱ ሥር የሚያውቀውን የአጥንት ድምፅ መሰለ። ሂሩካዋ አሁንም ዓይኑን አልነቀለም።

«ቶባሪ፣ ተው» አለ ናጉራ። «እኔ ነኝ።»

ቶባሪ እግሩን እንዳነሳ ቀረ። «ምን እርስዎ?»

«እኔ ነኝ የመታሁት።»

ኪዮታካ ሊስቅ ሞከረ፤ ሕመሙ ከለከለው። «ምን ይላሉ። እርስዎ ጎማ ለይተው ያውቃሉ እኮ።»

ናጉራ የልጁን ፊት አየ። ያስተማረውን ሁሉ እንዳስተማረው አድርጎ ነው የመጣው፤ ሳይጮህ፣ ሳይተነፍስ። አላወቅሁህም ማለት ቀላል ነበር። እውነት ግን አልነበረም፤ ለማወቅም አልሞከረም።

«ለመለየት አልጠበቅሁም» አለ። «መምታት ፈልጌ ነበር። ማንም ቢመጣ እመታው ነበር።»

የኪዮታካ እጅ ማልያውን ለቀቀ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ከዚያ በኋላ ናጉራን አላናገረውም። ናጉራ ተንበርክኮ ቀረ። ልጁን ሊነካው ፈለገ፤ የት ጋ መንካት እንደሚፈቀድለት አላወቀም።

የአምቡላንሱ ሰዎች መጡ። በጥንቃቄ አነሡት፤ ሲያነሡት ጮኸ፤ ጩኸቱ ዋሻውን ሞላው። ናጉራ ከሰው ሁሉ በላይ ጩኸት የሰማ ጆሮ ነው ያለው፤ ይሄኛውን ግን በሁለት እጁ ጆሮውን ይዞ ነው የሰማው።

«አንድ ሰው አብሮት መግባት ይችላል» አለች የአምቡላንሷ ሴት። «ቤተሰብ አለ?»

ናጉራ ብድግ ብሎ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ሂሩካዋ ሳን ይምጣ» አለ ኪዮታካ ከቃሬዛው ላይ።

ሴትየዋ የሂሩካዋን አፍንጫና ከናፍር አየች። «ዘመድህ ነው?»

«ጎማዬን አብሮኝ የቀየረው እሱ ነው። የያዝኩት መለዋወጫ የተቀደደ ነበር፤ የራሱን ሰጠኝ። ሦስት ሆናችሁ ካልደረሳችሁ ብናሸንፍ ምን ደስ ይላል ብሎ።» ዓይኑን ጨፈነ። «እሱ ይምጣ።»

ሂሩካዋ ጎኑን በእጁ ደግፎ ገባ። በሩ ሳይዘጋ ወደ ናጉራ ጎንበስ አለ። ድምፁ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር።

«ለልጅህ አንተ ደውል» አለው። «እኔ አልደውልላትም።»

አምቡላንሱ ሄደ። ቶባሪ የኪዮታካን ብስክሌት ከመንገዱ አንስቶ ግድግዳው ላይ ካስደገፈ በኋላ ወደ ብርሃኑ ወጣ፤ ናጉራን አልጠበቀውም። ናጉራ ስልኩን አወጣ። የተላጡት ጣቶቹ ደም ስክሪኑን ስላረጠበው ቁጥሩ አልነካ አለው፤ በሱሪው እየጠረገ ደጋግሞ ሞከረ። በመጨረሻ ጠራ።

«አባዬ» አለች ቺሃያ። «ደረሳችሁ?»

ሊነግራት የፈለገውን ሁሉ በአፉ ይዞ ነበር። ከኋላው የዋሻው ግድግዳ ውሃ ያንጠባጥባል፤ የሚሰማት ምናልባት የውሃው ጠብታ ብቻ ነው።

 የቺሃያ ድምፅ ዝቅ አለ።

«አባዬ፣ ማንን ነው የመታኸው?»

ስሙን ነገራት።